አረንጓዴ ሆኖ የሚበስል ቲማቲም፦ አራት ዝንጉርጉር ዘሮች በጅማ ጓሮዬ

መጀመሪያ ፍርዴን ልስጥ፤ የቸኮለ አንብቦ ይሂድ። ከአራቱ ዘሮች ዘንድሮም የምተክለው ግሪን ዚብራንና ላኪ ታይገርን ነው። ግሪን ሶሴጅ ሲጣፍጥ ልዩ ነው፤ ግን ብዙ ፍሬ ሳልበላው ከታች ጠቁሮብኛል። ግሪን በርክሌይ ታይ ዳይ ፎቶ ላይ ቢቀር ይሻለው ነበር። አምስተኛ የዘር ፖስታም ነበረኝ። የእሱን ጉድ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ለማያውቃቸው ሰው፦ እነዚህ ቲማቲሞች ሲበስሉ እንደ ገበያው ቲማቲም ቀይ አይሆኑም። አረንጓዴ እንደሆኑ ይበስላሉ። ላያቸው ላይ ደግሞ ከእንጨታቸው እስከ ታች የሚወርድ መስመር አላቸው፣ ሀብሐብ በሉት። ተራው ቲማቲም ሲበስል ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርስና ላይኮፒን የሚባለው ቀይ ቀለም ይተካዋል። በነዚህ ግን አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ግሪን ዚብራ ላይማ ቀዩ ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ዓይናችሁን አምናችሁ ከጠበቃችሁ፣ እስኪበሰብስ ትጠብቃላችሁ። ይሄን ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ዘሩን ያመጣችው አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት። አምና ልትጠይቀን ስትመጣ "ምን ላምጣልህ?" አለችኝ። ሰው ስልክ ያዛል፣ ጫማ ያዛል፤ እኔ የቲማቲም ዘር አልኩ። "ጅማ ቲማቲም ጠፋ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። አልጠፋም። ሐሙስ ሄርማታ መርካቶ ወርዳችሁ እዩ፣ በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቆዳው ወፍራም፣ መኪና ላይ ሲንገላታ ቢውል የማይፈነዳ፣ ለመንገድ የተመረጠ ነው። ለስልስ ይሆናል። ቆርጣችሁ በጥሬው ስትበሉት ግን ውሃ ውሃ ይላል። እኔ ደግሞ ቲማቲም ቁርጥ እወዳለሁ፣ ምሳዬ እሱ ብቻ ቢሆን አይከፋኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘር ሻንጣ ውስጥ ወርውረው የሚያመጡት ዕቃ አይደለም። የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፣ ኳራንታይንም አለ። እህቴ እዚያው ጨርሳ ስለመጣች ችግር አልገጠማትም። ወረቀቱ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን የቲማቲም ቫይረስ በዘሩ ቆዳ ላይ ተጣብቆ አገር የሚያቋርጥበት ጊዜ ነው። ቱታ አብሶሉታ የሚሉት ቅጠል ሰርሳሪ ትልም እ.ኤ.አ. በ2012 እኛ አገር ታየ፣ ቲማቲም አምራቹን ምን እንዳደረገው የባቱና የመቂ ገበሬ ይንገራችሁ።

ዋጋው፦ አንዱ ፖስታ እዚያ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው፣ ውስጡ 25 ወይም 30 ፍሬ ዘር አለ። ውድ ነው። ግን እነዚህ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚዳቀሉ ዓይነት አይደሉም፤ አንዴ ካፈሩላችሁ ዘሩን ራሳችሁ ታስቀራላችሁ።

አሁን ወደ አተካከሉ። ቤታችን ወደ ጅሬን በሚያወጣው በኩል ነው። ጓሮው ትንሽ ነው፤ አንድ አቮካዶ፣ ጥቂት የቡና እግር፣ የእናቴ ጎመንና ጤና አዳም። የጅማን አፈር ታውቁታላችሁ፣ ቀይ ነው፣ ዝናብ አጥቦት አሲድ ሆኗል። ቲማቲም ደግሞ ፒኤቹ ከ6 በላይ ሲሆን ነው የሚመቸው። የምድጃ አመድ በትንሽ በትንሹ እየበተንኩ ለወራት አስተካከልኩት። የቡና ገለባም ተጠቅሜያለሁ። ጅማ ውስጥ ገለባ ማግኘት ቀላል ነው፤ መፈልፈያ ቤት ሄዳችሁ በማዳበሪያ ሞልታችሁ ትመጣላችሁ (ማዳበሪያ ያልኩት ከረጢቱን ነው)። ግን ትኩሱን እንዳትደፉት። ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ራሱ ይበላና ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አምና በዚህ ስህተት አንድ መደብ ቃሪያ ጨርሻለሁ። የአሁኑን ከላም ፍግ ጋር እያፈራረቅሁ ከምሬ፣ 6 ወር አብስዬ ነው የተጠቀምኩት።

ዘሩን የዘራሁት ነሐሴ 28 ነው፣ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በተቆረጠ ሃይላንድ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ደጅ አላስቀመጥኩትም። ጥቅምት 8 ወደ ቦታው አዛወርኩ። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት እግር፤ ሁለቱን መሬት ላይ፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ አንዱን ደግሞ አፉ በተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ። ለማወዳደሪያ ከዚሁ ከተማ የተገዛ፣ ሮማ የሚባለውን ቀይ ቲማቲም ሦስት እግር ጎን ለጎን አደረግሁ። ሁሉም እኩል ፍግ፣ እኩል ውሃ። ቢያንስ ሐሳቤ እንደዛ ነበር፤ ውሃው በፈረቃ ሲሆን እኩል የሚባል ነገር የለም።

ጎረቤታችን ሐጂ ችግኝ ስተክል አይተው "ምንድነው?" አሉ። ቲማቲም ነው፣ አረንጓዴ ነው አልኳቸው። "ሁሉም ሲጀምር አረንጓዴ ነው" ብለው አለፉ። ልክ ናቸው፣ ምን ልበል። ታህሳስ ላይ ፍሬው ሞልቶ፣ መስመሩ ወጥቶ፣ ሳያቸው ደስ ብሎኝ ጠራኋቸው። አጥሩ ላይ ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩት። "ሂን ቢልቻኔ" አሉ፣ አልበሰለም ማለታቸው ነው። በሳምንቱ መጡ፣ "ሂን ቢልቻኔ"። በሌላው ሳምንትም ያው። እናቴም ከሳቸው ጋር ሆነች። "አንተ ልጅ፣ በጥሬው አውርደህ እንዳትበላ፣ ሆድህን ያምሃል" ትለኛለች። እሷም አልተሳሳተችም፤ ያልበሰለ ቲማቲም ቶማቲን የሚባል መራራ ነገር አለው። ሲበስል ግን ይቀንሳል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀርም ይቀንሳል። ይሄን ለእናቴ ማስረዳት ከመትከሉ በላይ ከብዶኛል።

እና መብሰሉ በምን ይታወቃል? እኔም አላውቅም ነበር። ፖስታው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት ቆጥሬ ነበር የምጠብቀው። የፖስታው ቀን ደግሞ ለእነሱ በጋ ነው። እኛ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ የኅዳርና የታህሳስ ሌሊት ይበርዳል፣ ቲማቲም ሲበርደው ይዘገያል። 75 ቀን የተባለው ዚብራ አለፈ፣ 80 አለፈ፣ አሁንም አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ ጦጣዋ መጣች። ሰፈራችን ጦጣ አለ፣ አቮካዶውን ከነሱ ጋር ነው የምንካፈለው። ቀይ ያያሉ ብዬ ሮማውን በመረብ ሸፍኜ ነበር። አረንጓዴዎቹን ማን ይነካቸዋል ብዬ ራቁታቸውን ተውኳቸው። ጥር 3 ጠዋት ቡና እየጠጣሁ በመስኮት አየኋት። ዚብራው ጋ ቁጭ ብላለች። አንዱን ጨበጥ አድርጋ ተወችው። ሌላውን ጨበጥ አድርጋ ተወችው። ሦስተኛውን ቀንጥሳ፣ ጨምቃ፣ በልታ፣ ፍሬውን እጇ ላይ ልሳ ሄደች። እኔ ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ ወጥቼ እንደሷ መጨበጥ ጀመርኩ። ለካ ከነሱ ውስጥ ሰባቱ በስለዋል! በማግስቱ የመጀመሪያውን ዚብራ በላሁ፣ ከተተከለ በ86ኛው ቀን። ጦጣዋ በአንድ ቀን ቀድማኛለች።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች በኩል፣ አበባው በወደቀበት፣ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ትንሽ ከሰጠ ደርሷል። ዚብራ ላይ ሁለተኛ ምልክትም አለ፤ ከወፍራሙ አረንጓዴ መስመር መሀል ያለው ፈዛዛ ክፍል ወደ ቢጫ፣ ወደ ማር መልክ ይሄዳል። ቆዳው ቢጫ ስለሚሆን ነው። ጠዋት በጥላ ስታዩት አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ አዙራችሁ እዩት። ቢጫው ከደመቀ ደግሞ አልፏል፣ ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል።

አሁን አንድ በአንድ።

ግሪን ዚብራ። ብዙ ሰው የድሮ ባላገር ዘር ይመስለዋል፣ አይደለም። ቶም ዋግነር የሚባል አሜሪካዊ አዳቅሎ ያወጣው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በራሱ የዘር ካታሎግ ለሽያጭ አቀረበው፣ በእኛ 1975 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ የካሊፎርኒያ ምግብ ቤቶች ወደዱትና ስሙ ወጣ። ፍሬው ትንሽ ነው። ኩሽና ሚዛን ላይ ሃያውን መዝኜ በአማካይ 68 ግራም አገኘሁ። ከሮማው ብዙም አያንስም፣ ቅርጹ ግን ክብ ነው። ጣዕሙ ጎምዛዛ ነው፣ ግን የኮምጣጤ ጎምዛዛ አይደለም፤ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ይመስላል፣ ከኋላ ጣፋጭነት ይከተለዋል። ቁርጥ ስሠራበት ሎሚ መጨመር ተውኩ። ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨው፣ አለቀ። ባለቤቴ ጎምዛዛ አትወድም፣ እሷ አልጣማትም፣ ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ተክሉ ረጅም ነው። ሁለት ሜትር የባሕር ዛፍ እንጨት ተክዬለት ከላይ አልፎ ወደ ክፈፉ ወጣ። ማደግ የሚያቆም ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ በየሳምንቱ በብብቱ የሚወጣውን ቀንበጥ መቀንጠስና በሲባጎ ማሰር አለባችሁ። ሁለት ሳምንት ትቼው ሄጄ ስመለስ ዱር ሆኖ ጠበቀኝ። ከሦስቱ እግር በአጠቃላይ 6.8 ኪሎ ለቀምኩ። ሮማው 8.2 ሰጥቶኛል። ለጓሮ ይሄ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ጀሪካን ውስጥ ያለው ግን መሬት ላይ ካሉት ግማሽ አልደረሰም፣ ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ይሄን አስቡበት።

ላኪ ታይገር። ይሄ የልጄ ነው። ልጄ ነው ማለቴ፣ የሚለቅመው እሱ፣ የሚበላው እሱ፣ እኔ የቀረውን ነው የማገኘው። ረዘም ያለች ትንሽ ፍሬ ናት፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ መስመር። ስትበስል ግን ከጎኗ ቀላ ትላለች፣ ወርቃማም ትሆናለች። ለዚህ ነው ከአራቱ መብሰሏ የማያደናግረው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ ዘር ነው። በእኔ ጓሮ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰ ይሄው ነው፤ ታህሳስ 24፣ በ76 ቀን። ጣዕሙ ጣፋጭና ጎምዛዛው እኩል የሆነ፣ ከቲማቲምነት አልፎ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል። ቆርጣችሁ ምግብ ልትሠሩበት ብትሞክሩ ትደክማላችሁ። ታጥቦ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ እየተላለፈ ይበላል። ለገና እንግዳ ሲመጣ አንድ ሳህን አቀረብኩ፣ ሰው መጀመሪያ እንደ ቃሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ሳህኑ ባዶ ሲመለስ ግን ማን እንደጨረሰው የሚናገር የለም። ከሦስት እግር 4.1 ኪሎ። ልጄ በቀጥታ ከእግሩ የበላውን ሳይጨምር ነው፣ እሱን የሚመዝን ሚዛን የለኝም። ጉድለቱ፦ ዝናብ ከነካው ይሰነጠቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ማታ ዘነበና ጠዋት ግማሹ አፉን ከፍቶ አገኘሁት።

ግሪን ሶሴጅ። ስሙ ቅርጹን ይናገራል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ መስመር። ቁመቱ አጭር ነው፣ ቁጥቋጦ ይመስላል፣ እንጨት ብዙም አይፈልግም። ውስጡ ሥጋ ነው፣ ዘሩ ጥቂት ነው፣ ውሃው ጥቂት ነው። ስትቆርጡት ሳህን አያረጥብም። በጣዕም ደረጃ፣ በሐቀኝነት፣ ከዚብራ እኩል ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል።

ታዲያ ምን ሆነ? ከታች ጠቆረ። ፍሬው እንቁላል ሲያህል ጫፉ ላይ ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰፋል፣ ቆዳ ይመስላል፣ ከዚያ ፍሬው ሁሉ ይጠፋል። በመጀመሪያ በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልገዛ ነበር። በሽታ አይደለም። ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው፣ ካልሲየሙን የሚያጓጉዘው ደግሞ ውሃ ነው። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ኖሮም ውሃው አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ ይሄው ይከሰታል። ፍሬያቸው ረዘም ያለ ቲማቲሞች ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። እኔ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፤ አራት ቀን ሳይመጣ ቀርቶ ሲመጣ ደስ ብሎኝ አጥለቀልቀዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰዎች የእንቁላል ቅርፊት ቅበር ይላሉ፤ ቅርፊቱ ሳይበሰብስ ወቅቱ ያልፋል። የረዳኝ ሌላ ነው። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በስቼ፣ ታችኛውን ቆርጬ፣ በአፉ እግሩ ሥር ተከልኩና በየቀኑ ማታ ከበርሜል አንድ ሊትር አንድ ሊትር መሙላት ጀመርኩ። ከላይ ደግሞ የበሰበሰ የቡና ገለባ አለበስኩት፣ እርጥበት እንዲይዝ። ከዚያ በኋላ የወጣው ፍሬ ንጹሕ ነው። ግን ቁጥቋጦ ስለሆነ ፍሬውን ባንዴ ነው የሚሰጠው፣ እስክነቃ ብዙው አልፏል። 3.5 ኪሎ ለቅሜ 1.4ቱን ጣልኩ። ውሃ የማይቆራረጥበት ሰው ግን በርትቶ ይትከለው።

ግሪን በርክሌይ ታይ ዳይ። ብራድ ጌትስ የሚባል የካሊፎርኒያ ገበሬ ያወጣው ነው። ትልቅ ነው፣ ትልቁ 310 ግራም መዝኗል። አረንጓዴ ላይ ቢጫና ቀይ መስመር፣ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴና ሮዝ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ስልክላት "ቀለም ቀባኸው?" አለችኝ። ጣዕሙም ጥሩ ነው፣ ጣፋጭ፣ ከባድ። ግን ጥር 17 ነው የደረሰው፣ በ99 ቀን፣ ጠል በበዛበት ጠዋት ሁሉ ትከሻው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ጉንዳን ይገባል። ከሦስት እግር 2.9 ኪሎ፣ ግማሹ የተሰነጠቀ። ለዚህ ያህል ቦታ፣ ለዚህ ያህል ጊዜ፣ አይ። በበርበሬ መደብ ልተካው ነው።

አምስተኛው ፖስታ። ይሄን እህቴ አይደለችም ያመጣችው፤ ከመምጣቷ በፊት ቸኩዬ በቴሌግራም ከአንድ ሻጭ አዘዝኩት። "ዝንጉርጉር አረንጓዴ፣ ብርቅ ዘር" ይላል፣ ፎቶውም ዚብራ ነው። ፖስታው ላይ ምርቱ የት እንደተዘጋጀ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ብቻ። ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። ዘራሁት፣ በቀለ፣ አደገ፣ መስመር የለውም። መስመሩ በኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ (ያልበሰለ ዚብራ መስመሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው የሚታየው፣ ያኔ አላውቅም)። አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ሆኖ አገኘሁት። ቀይ! ሐጂ በዚያን ቀን ብቻ ነው "አሁን በሰለ" ብለው ያደነቁኝ። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ "አፈሩ ነው የቀየረው" አለኝ። አፈር የዘርን ቀለም አይቀይርም ወንድሜ። ገንዘቤን አልመለሰም። ከማታውቁት ሰው ዘር ስትገዙ የምርት ዓመትና የመብቀል መጠን የተጻፈበት ካልሆነ እለፉት።

ኩሽና ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ዋናው እሱ ነው። ስልስ አትሥሩበት። ሞክሬዋለሁ። አረንጓዴው እሳት ላይ ሲበስል ይጠፋና የወታደር ልብስ ቀለም ይሆናል፣ ጎምዛዛነቱም ይብሳል። እናቴ አንዴ ቀምሳ በዝምታ በርበሬ ጨመረችበት። በዝምታ መሆኑ ነው የጎዳኝ። ቁርጥ ላይና ፍትፍት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ቲማቲም ፍትፍት በዚብራ ስትሠሩ እንጀራው አይቀላም፣ የሚበሉት ምን እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል፣ ከዚያ ዝም ብለው ይበላሉ።

ያላሰብኩት ግኝት ዳጣ ነው። ግሪን ሶሴጅን ከአረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ጋር ፈጨሁት። ውሃ ስለሌለው አይቀጥንም፣ ቃጠሎውን ለስለስ ያደርገዋል፣ ቀለሙ ደግሞ ንጹሕ አረንጓዴ። በአይብ ይበላል፣ በቆጮ ይበላል። አንድ ማሰሮ በሁለት ቀን አለቀ። ሶሴጁን ጨርሶ ያልተውኩት ለዚህ ነው፤ ሁለት እግር ለዳጣ ብቻ እተክላለሁ ብዬ እያሰብኩ ነው። (ከላይ ፍርዴ ላይ አላልኩም፣ አዎ። እየጻፍኩ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት።)

ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ማንኛውንም ቲማቲም ብርድ ጣዕሙን ይገድለዋል፣ የነዚህ ደግሞ ዋናው ነገራቸው ጣዕም ነው። ሳህን ላይ፣ ጥላ ቦታ፣ እንጨቱ የነበረበት ወደ ታች። ዚብራ እንዲህ ሆኖ አራት አምስት ቀን ይቆየኛል። ቆዳው ስስ ነው፣ መርካቶ ወስዶ ለመሸጥ አይሆንም። እዚያ ቢደርስም ማን ይገዛዋል? ገዢው በቀለም ነው የሚመርጠው፣ አረንጓዴ ካየ ዋጋ ይጥላል።

ክረምት ላይም ሞክሬ ነበር፣ እንዳትሞክሩ። መጋቢት ላይ የተከልኳቸው ሁለት የዚብራ እግሮች ግንቦት ላይ አብበው፣ ሰኔ ላይ ፍሬ ይዘው፣ ዝናቡ ሲበረታ በአንድ ሳምንት ከላይ እስከ ታች ጠቆሩ። ድንችን የሚያቃጥለው ያው የክረምት በሽታ ነው፣ ሌት ብላይት የሚሉት፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙ ይነሳል፣ የጅማ ክረምት ደግሞ ሁለቱንም በነፃ ያድላል። ክፈፍ ሥር ያለው ትንሽ ቆይቷል፣ ዝናብ በቀጥታ ስላልነካው። ላስቲክ ቤት ያለው ሰው ይሞክር፣ እኔ የለኝም። ቱታው ደግሞ በተቃራኒው በደረቁ ወቅት ነው የመጣብኝ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ካርታ የመሰለ ነገር ስታዩ ያንን ቅጠል ወዲያው ቀንጥሳችሁ አቃጥሉት፣ ፍግ ክምር ላይ አትጣሉት። በየሁለት ቀኑ ዞር ዞር እያልኩ በእጄ ነው የተከላከልኩት፣ 15 እግር ስለሆነ ይቻላል።

ዘር ማስቀረቱ ቀላል ነው። በጣም የበሰለውን ፍሬ ጨምቃችሁ፣ ከነጭማቂው በብርጭቆ ሦስት ቀን አስቀምጡት። ይሸታል፣ ባለቤታችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ያ የሚያንሸራትተው ሽፋን ከለቀቀ በኋላ አጥባችሁ፣ ሳህን ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። የቲማቲም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፣ ስለዚህ ሮማው አጠገብ ቢሆንም ብዙም አልሰጋሁም። ከመሀል ከተተከሉት እግሮች ነው የወሰድኩት።

ሐጂ ሚያዝያ ላይ መጡ። አጥሩ ላይ እንደ ልማዳቸው ተደግፈው ትንሽ ስለ ቡናው፣ ትንሽ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ "ያቺ ልጅህ የሚበላት፣ ያልበሰለችው፣ ዘሯ አለ?" አሉኝ። ለካ ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያቀብላቸው ከርሟል። ሰጠኋቸው። ስለዚህ ጅማ ያላችሁና ዘር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዚብራው አለኝ፣ 40 ፍሬ ገደማ። ላኪ ታይገሩን ግን ለራሴ ከያዝኩት በቀር ሐጂ ጨርሰውታል።